«ስምህን አይተሃል?» የሚሉት እትዬ ፖንሲያና

መንግሥት ሳይቀጥራት ምርጫውን ዘብ ሆና የምትጠብቅ ሴት ከየሰፈሩ አትጠፋም። ለኛ ለኢሎኢሎ ከተማ ዳርቻ ነዋሪዎች የደረሱን ክብርት እትዬ ፖንሲያና ናቸው፤ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ፣ ማንም ያልሾማቸው የድምፅ ሚኒስትር። ሰላምታቸው አንድ ነው፦ «ስምህን አይተሃል?» ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የመራጮች ዝርዝር ማለታቸው ነው።

ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ይጠይቃሉ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሟቹን ከዝርዝሩ ለማሰረዝ፣ ሬሳው ሳይወጣ የሞት ወረቀት ይለምናሉ። «ልጆቼ፣ አባታችሁ ይረፉበት! ባለፈው ምርጫ እኮ ሙታን ሲመርጡ ነው የዋሉት።» አልቃሹ በሳቅ ይፈርሳል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሩዝና ሰርዲን ሲያድል ደግሞ፣ «ብሉ፤ ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ የፈለጋችሁትን ምረጡ» ይላሉ።

ምን እደብቃለሁ፣ ቅናት ነው የገደለኝ። ሃያ ዓመት የሰፈሩ ወሬ የሚፈላው በእኔ በማርሲያል ፀጉር ቤት ነበር። አሁን ግማሽ ጺሙን የላጨሁት ሰው እንኳ እሳቸው ሲያልፉ ዘሎ ይወጣል። «እትዬ፣ የኔን ስም አዩልኝ?» እኔ ምላጬን ይዤ እቀራለሁ። በምርጫ ቀን ሰው ሲከባቸው ላለማየት፣ ሁለት ምርጫ በተከታታይ ቤቴ ተኛሁ።

ዘንድሮ ሊቀመንበሩ ፀጉር ቤቴን አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሣ። በድምፄ እንደምጥለው ስፎክር እትዬ ፖንሲያና ብቅ አሉ።

«ማርሲያል፣ ስምህን አይተሃል?»

«ስሜ ደግሞ የት ይሄዳል?»

«ሄዷል! ሁለቴ የቀረ ይሰረዛል። ማስመለሻው ነገ ያበቃል፤ ራስህ ካልቀረብክ አይሆንም።»

ምላጬን ጥዬ መታወቂያዬን ፍለጋ ገባሁ።

በማግስቱ ምዝገባ ቢሮው ስደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሯል። «ና ወዲህ፣ አንተ ቀናተኛ!» የሚል ድምፅ ከፊት ተሰማ። እትዬ ናቸው፤ ከንጋት ጀምረው ወረፋ ይዘውልኛል። ከኋላ ያለው ሲያጉረመርም፣ «እኔ ወጣሁ፣ እሱ ገባ። ምን ጎደለብህ?» ብለው ዝም አሰኙት።

«መቅናቴን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው አፍሬ።

«ምላጭህ ሲንቀጠቀጥ ያላየ ማን አለ?» ብለው ወደ ዓሣቸው ሄዱ።

ስሜ ተመለሰ። ሊቀመንበሩ በአሥራ አንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ፤ ፀጉር ቤቴም አለች። ጥፍሬ ላይ ያለውን የምርጫ ቀለም ለደንበኛ ሁሉ እያሳየሁ፣ እትዬ እንዴት ወረፋ እንደያዙልኝ ሳወራ ሰነበትኩ።

«ለኔም እኮ ማክሰኞ ይዘውልኝ ነበር» አለኝ አንዱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ።

ለኔ ብቻ መስሎኝ! ፀጉሩን ካዘዘኝ በላይ አሳጠርኩበት።