ባል ሲመጣ የሚዋጥ ኪኒን

የሹፌር ሚስት ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እንኳን አልሆናችሁ። እኛ ቃሊቲ፣ ባሎቻችን ተሳቢ ይዘው ጅቡቲ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ክላክስ በሰማን ቁጥር በር ላይ ነን። የእኔን ሰውዬ ክላክስ ከሺህ እለየዋለሁ እል ነበር። ስንት ጊዜ ወጥቼ የሰው ባል ተቀብያለሁ መሰላችሁ።

ጎረቤቴ ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። እሷም የሹፌር ሚስት፣ እሷም እንደ እኔ አጥቢ። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ባሏ የመጣ ሰሞን ብቻ ትውጣለች፤ ሲሄድ ታቆማለች። ምነው ስላት፣ እንግዳ በሌለበት ማን ይደግሳል አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ልጀምር ስል፣ ዘይነባ ልጇ ዳዴ ሳይል አረገዘች።

ፈራሁ። ልጄ ጡት ሳትጠግብ ሌላ ቢመጣባትስ? የሚናፍቁትን ሰው መፍራት ክፉ ነው። እመጣለሁ ብሎ ሲደውል ሆዴ ይባባል፤ ስልኩን ስዘጋ ምነው በቀረ እላለሁ። ደግሞ ትራሱን አቅፌ አለቅሳለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ማጥባት ራሱ ይከላከላል ይባል የለ ወይ አልኳት ነርሷን። ልጅሽ ስድስት ወር እስኪሞላት፣ ከጡት ሌላ ካልቀመሰች፣ የወር አበባሽም ካልተመለሰ ነው አለችኝ። የእኔዋ ገንፎ ጀምራለች። ኪኒኑስ? ባል ኖረም አልኖረም በየቀኑ፣ በሰዓቱ። መርፌም፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባ ሉፕም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበርም አለ፤ ወተትሽን አይቀንሱም አለች። ክንዴን ሰጠኋት። ኪኒን ይረሳል፤ ክንድ የት ይረሳል?

ከዚያ ወዲያ ያለ ፍርሃት ናፈቅኩ። እንዴት ደስ ይላል። ሳሪስ ድረስ ሄጄ ፀጉሬን ተሠራሁ።

መጣ። የጅቡቲ ፀሐይ አክስሎታል። ልጃችን አላወቀችውም። ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ጩኸቷን ለቀቀችው። አንገቴ ላይ ተጣብቃ፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። አባብለን አባብለን አቃተን። በቃ አታስለቅሻት፣ እኔ እዚያ እተኛለሁ ብሎ ፍራሹን ከመጋረጃው ወዲያ አነጠፈ። ጡት አጉርሻት ትንፋሹን እሰማለሁ። ጅቡቲ እያለ እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም። ጠዋት ጭነት ደርሶት ሄደ።

በቀጠሮዬ ቀን ነርሷ ክንዴን ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ እንዴት ነው፣ ተስማማሽ ወይ አለችኝ።

እስካሁን አልሞከርነውም አልኳት።