ጎሚስታው ሞላና የመሬት ላይ ትግሉ

በየከተማው አንድ አዲስ ነገር አግኝቶ ለሰው ሁሉ ካላዳረሰ እህል የማይጥመው ሰው አይጠፋም። አንዱ ማር በነጭ ሽንኩርት ነው የሚለው፣ አንዱ ጠበል፣ አንዱ የእግር ጉዞ። ለደብረ ታቦር የደረሳት ጎሚስታው ሞላ ነው። ባሕር ዳር ሦስት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ የብራዚል ጁጂትሱ የሚባል ትግል ይዞ መጣ። ሰዉ ለሹፈት “የኔታ” አለው፤ እሱ ከልቡ ተቀበለው።

መከራውን ያየችው ጎረቤቱ ዘነበች ናት፣ ዱቄት ሻጯ። ወገቧን ይዛ ስታቃስት ከሰማ የጀመረውን ጎማ ጥሎ ይመጣል።

“እታለም፣ ለወገብ ጁጂትሱ ነው!”

እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብትለው “ጁጂትሱ!” አማቴ ተቀየሙኝ ብትለው “እሳቸውንም ይዘሻቸው ነይ!”

አንድ ቀን ተሳስታ “ለመሆኑ ምንድን ነው?” አለችው። ግማሽ ሰዓት አቆማት።

“ቡጢ የለ፣ እርግጫ የለ። ባላጋራሽን ተጠግተሽ ታቅፊውና መሬት ታወርጂዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ብልሃት ነው፤ ቀጭኑ ወፍራሙን ያስረዋል። የተያዘው ሁለቴ መታ መታ ካደረገሽ ትለቂዋለሽ። ቂም የለም።”

“ሰው አቅፎ መንከባለል በእኔ ዕድሜ!” ብላ ወደ ሚዛኗ ዞረች። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ካየች ከጆንያ ኋላ ትደበቃለች።

አንድ ቅዳሜ ታናሽ ወንድሟ ታምራት ጠጥቶ ገበያ ወጣ። ታምራት ካልጠጣ በግ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ኸድር “ጨርቄን ረገጥክብኝ” ቢለው ዱላውን አነሣ። ቢያሳርፈው አንዱ መቃብር፣ አንዱ ወህኒ ነበር። ዘነበች ከዱቄት መደቧ ጮኸች።

ሞላ ሮጦ ከዱላው ሥር ገባ። ታምራትን እንደ ናፈቀ ዘመድ አቅፎ መሬት አወረደውና ተጫነው። ታምራት ተወራጨ፣ ተሳደበ፣ ደከመ። ሞላ አንዴም አልመታውም።

“ተንፍስ፣ ወንድም ዓለም። ቀስ ብለህ ተንፍስ” ይለዋል በጆሮው።

ያ ጎረምሳ ገበያው እያየው አለቀሰ። ውሃ ያቀበለው ኸድር ራሱ ነው።

በማግስቱ ሞላ ደጇ ሲቆም ዘነበች ስብከቱን ጠበቀች። “ታምራትን ክንዱን አላመመውም?” ብቻ ብሎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት የባሏን ሱሪ ከቀሚሷ ሥር ታጥቃ፣ ታምራትን እየጎተተች፣ ሞላ ጭድ በሸራ ጠቅጥቆ ካነጠፈበት መጋዘን ገባች።

“ይኸው መጣን። ከምን ይጀመራል?”

የኔታ ዐይኑን በእጅጌው ጠረገና “ከመውደቅ” አላት። “መጀመሪያ ደህና አድርጎ መውደቅ ነው።”

“እሱንስ አንታማም” አለች ዘነበች፣ ጫማዋን እያወለቀች።