ከውጭ የገባችው ኤሊ

የዱር እንስሳትና የዕፅዋት ዘር ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ ሌት ተቀን የሚተጋ ቡድን ቃሊቲ ውስጥ እንደነበረ የማያውቅ ዜጋ ካለ፣ ጥፋቱ የዜጋው ነው። ቡድኑ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በሚፈተሽበት ግቢ፣ ከሽንት ቤቱ ቀጥሎ፣ የራሱ ቢሮ፣ የራሱ ማኅተምና የራሱ አስተባባሪ ነበረው። አስተባባሪው ተስፋሚካኤል ይባላል።

ተስፋሚካኤል አዳማ ሆቴል ተይዞለት ሠልጥኗል። አበሉ ደብረ ዘይት ክትፎ ቤት ቢቀርም እውቀቱ ሳይሸራረፍ ቃሊቲ ደርሷል። እውቀቱም ይህ ነው፦ ከተወለደበት አገር ፈቃድ ያልያዘ በቀቀን፣ ጦጣ ወይም ቁልቋል አይገባም፤ እዚህ ገዢ ከጠፋ እዚያ አዳኙ ወጥመዱን ይሰበስባል። ደንቡ ብልህ ነው፤ ማንም አይቀልድበትም። ተስፋሚካኤልም ራሱን እንደ ኖኅ ያይ ጀመር። ልዩነታቸው ኖኅ ያስገባ ነበር፣ እሱ ይከለክላል።

ችግሩ የሚከለከል መጥፋቱ ነበር። ኮንቴይነር በተከፈተ ቁጥር ሴራሚክ፣ ጎማና የፕላስቲክ አበባ ይወጣል። አንድ ጊዜ የነብር ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ተገኘና ተስፋሚካኤል «ይጣራ» ብሎ ያዘው። ባለቤቱ ነብሩ ፖሊስተር መሆኑን ምለው ተገዝተው አስለቀቁ። የዚያን ዕለት ወደ ሳሪስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ተስፋሚካኤል በራሱ ሳቀ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።

ግምገማ ሲቃረብ ሳቁ ቆመ። ኃላፊዋ ወይዘሮ አሰፋች አስጠሩት።

«ሌላው ቡድን በመቶኛ ያወራል፤ ያንተ ዜሮ ነው። አንድ እንስሳ ካልያዝክ ቡድኑ ይታጠፋል፣ አንተም ወደ ሚዛን ክፍል ትመለሳለህ።»

ሚዛን ክፍል ማለት ፀሐይ ላይ ቆሞ የጭነት መኪና ማስመዘን ነው። አማቱ ደግሞ «አስተባባሪው» እያሉ መጥራት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ተስፋሚካኤል ፈራ።

በዚያው ሰሞን የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሮሪሳ ጆንያ ተሸክመው ቢሮው ገቡ። ጋሽ ሮሪሳ ኮዬ ፈጬ ላይ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸው ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ ዘበኛ ሆኑ። ከጆንያው አንዲት ትልቅ ኤሊ አወጡ።

«ይቺ ቆጫ ማሳዬ ዳር የኖረች ናት። ስካቫተሩ ሊጨፈልቃት ሲል ደረስኩ። እናንተ የዱር እንስሳ ትጠብቃላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ተስፋሚካኤል ልቡ ዘለለ። «የመግቢያ ፈቃድ አላት?»

«የት ልትገባ? እዚሁ የተወለደች ናት እኮ።»

«አይ ጋሽ ሮሪሳ፣ ከውጭ ያልገባ እንስሳ እኛን አይመለከትም። ስካቫተር ደግሞ በደንቡ ውስጥ አልተጠቀሰም።»

ሽማግሌው ኤሊዋን ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ አኖሯት፤ ከምሳቸው ጎመን እየቆነጠሩ ያበሏት ነበር። ወይዘሮ አሰፋች በዚያ ሲያልፉ አዩዋት።

«የዱር ናት?» አሉ።

«የዱር ናት» አለ ተስፋሚካኤል።

«ፈቃድ አላት?»

«የላትም። ግን ከውጭ አልገባችም።»

«ወደ ግቢው በየት ገባች?»

«በበሩ።»

«ከበሩ ወዲያ ምንድን ነው?»

ተስፋሚካኤል አሰበ። «ውጭ ነው።»

«ታዲያ ከየት ገባች?»

ኤሊዋ በዚያው ቅጽበት በቁጥጥር ሥር ዋለች። የዜግነት መብቷን በማጣቷ ግን ብዙ አተረፈች። ጥላ ተሠራላት፣ የውሃ ሳፋ ተገዛላት፣ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈላት። ግምገማው ላይ ወይዘሮ አሰፋች፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እኛም በኤሊ ጀምረናል» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ተስፋሚካኤል ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ትሕትና ያሉት ነበሩ፤ እሱ ግን ሳቁን እየደበቀ ነበር።

ሹመቱ ከጸና በኋላ ደንቡ ቀጥሎ የሚለው ታየ፦ የተያዘ እንስሳ ወደ መጣበት አገር ይመለስ።

«ከየት ነው የመጣችው?» አሉ ወይዘሮ አሰፋች።

«ከኮዬ ፈጬ።»

«ጎሽ፣ ቅርብ ነው። ፒክ አፑን ውሰዱ።»

ቦታውን የሚያውቁት ጋሽ ሮሪሳ ብቻ ስለሆኑ አብረው ሄዱ። ኮዬ ፈጬ ላይ ያልቆመ ፎቅ የለም፤ ያልቆመበት ቦታ ጠጠር ተደፍቶበታል። ሽማግሌው ከአንዱ ሕንፃ ወደ አንዱ ሲዞሩ ቆዩና ከአንድ ደረጃ ሥር ቆሙ።

«ማሳዬ እዚህ ጋ ይመስለኛል» አሉ።

ተስፋሚካኤል የተጻፈለትን ንግግር አነበበ፤ ሰሚዎቹ ሾፌሩ፣ ሽማግሌውና ኤሊዋ ነበሩ። ማንኛውም ፍጡር በተወለደበት ምድር የመኖር ተፈጥሯዊ መብት እንዳለው አበሰረ። ከዚያ ኤሊዋን ሊያስቀምጣት ጎንበስ ቢል ከሲሚንቶ በቀር የሚረገጥ አፈር አጣ። ጨክኖ አልተዋትም። «በቃ፣ ከእኛው ጋር ትኑር። ጥላዋም ሳፋዋም አለ፤ ለበላይ አካል እኔ አስረዳለሁ» አለ።

ጋሽ ሮሪሳ ኤሊዋን ተቀብለው አቀፏት።

«ተመስገን፣ ለሷስ መላ ተገኘላት። እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው፣ አለቃ። እኔንስ የሚመልሰኝ፣ ካልሆነም ጥላ የሚሠራልኝ ደንብ አላችሁ?»

ተስፋሚካኤል አፈረ። ጆሮው እስኪግል አፈረ። ግን የሠለጠነ አፍ ከባለቤቱ ቀድሞ ይናገራል።

«ጋሽ ሮሪሳ» አለ፣ «እርስዎ እኮ ከውጭ አልገቡም።»