ገና ስላልታመመች ሕፃን የተደረገ ስብሰባ

የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 (የተጠራው ለ2፡30 ነበር)
ቦታ፦ ምድር ቤት፣ የውኃ ፓምፕ ክፍል
የተገኙ፦ ሰብሳቢው (ጡረተኛ የመጋዘን ኃላፊ)፣ ሾፌሩ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ጸሐፊው
ያልተገኙ፦ አምስተኛው አባል። ሕንፃውን ከለቀቁ ሁለት ዓመት ቢሆናቸውም መልቀቂያ አላስገቡም።
በጥሪ የተገኙ፦ የጤና ጣቢያው ነርስ
ሳይጠሩ የተገኙ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የዘጠኝ ወር ልጃቸውን አዝለው

ሦስት ሰው ስለሚበቃ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ በኮሪደሩ ክትባት ስለመስጠት

ነርሷ እንዳስረዱት፣ ሦስተኛ ፎቅ አንድ ልጅ ኩፍኝ ይዞታል። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ጨምሮ አሥር ሕፃናት ለክትባት ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። ለአሥር ሰው የሚሆነው ብልቃጥ ተበጥብጧል፤ ለነገ አይቆይም። እሳቸውም 5፡00 ላይ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት በወሩ ነው። ሰብሳቢው ግን ኮሪደሩ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አይነካም ብለው ሥራውን አስቁመዋል።

ሰብሳቢው የደንቡን አንቀጽ 7 ጠቀሱ፦ ኮሚቴው የሚነጋገረው በደረሰ ጉዳት ላይ ብቻ ነው። ጣሪያውም የተጠገነው አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ እንደነበር አስታወሱ። ስለዚህ ያልታመመ ልጅ አጀንዳ ሊሆን አይችልም። ከረጅም ውይይት በኋላ የታመመው ልጅ ብቻ እንዲከተብ ተወሰነ።

ነርሷ ተቃወሙ። ክትባቱ የተዳከመ ተሕዋስ መሆኑን፣ ሰውነት በእሱ ተለማምዶ ተዋጊዎቹን እንደሚያዘጋጅ፣ ከዓመታት በኋላም እውነተኛው ሲመጣ በመልኩ ለይቶ እንደሚመታው፣ ልምምዱ ግን ቀናት ስለሚፈጅ ቀድሞ መሰጠት እንዳለበት አስረዱ። ሾፌሩ ሰውነት ያን ሁሉ ዓመት ያስታውሳል ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ሲባሉ፣ እሳቸው ትናንት መኪና ያቆሙበት እንደጠፋቸው ገልጸው ተጠራጠሩ። ፀጉር ሠሪዋ የሾፌሩ ጭንቅላት ለሰው ልጅ ሁሉ ምስክር እንደማይሆን ተናገሩ። ሾፌሩ ቃሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠይቀዋል። አልወጣም።

ሰብሳቢው ተሕዋሱ ተዳከመም በረታም እንግዳ ስለሆነ፣ ከመግባቱ በፊት በጥበቃው መዝገብ ላይ እንዲፈርም አሳሰቡ። መፈረም እንደማይችል ስለታመነ ነርሷ በውክልና እንዲፈርሙለት ተወሰነ።

4፡40 ላይ ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ሳያወጡ ተናገሩ፦ "ጋሼ፣ አጀንዳ እንድትሆንልዎ ልጄ እስክትታመም ልጠብቅ?"

ልብስ ሰፊዋ የክትባቱን ሳጥን አንስተው ወጡ። ነርሷ ሳጥናቸውን ተከትለው ወጡ። ፀጉር ሠሪዋ ነገሩን ለማጣራት፣ ሾፌሩ ፀጉር ሠሪዋን ለመጥራት ወጡ። ሰብሳቢው ኮሪደሩን ለማስለቀቅ ወጥተው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከሰልፉ አምስተኛ ቦታ ላይ ታይተዋል።

ማጠቃለያ

በክፍሉ የቀረው ጸሐፊው ብቻ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ስለጎደለ ውሳኔ ማሳለፍ እንደማይቻል ለራሱ አሳሰበ፤ ማሳሰቢያውንም አልተቀበለም። ከረጅም ውይይት በኋላ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ አንቀጽ 7ን ጨምሮ፣ እንዲሻር በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ መርፌው ሲነካት ያሰማችው ለቅሶ እዚህ ድረስ ስለተሰማ፣ ተጨማሪ የሚያነጋግር ነጥብ የለም ተብሎ ስብሰባው 4፡58 ላይ ተዘግቷል።