ደራሲውን እንጂ መጽሐፉን ያላነበበው መምህር

አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፉን ትቶ የደራሲውን ቃለ መጠይቅ ብቻ የሚያነብ ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔን ዳንግላ ሳስተምር ገጥሞኛል። ባልደረባዬ መምህር ታደለ ይባላል። በዚያ ዘመን በመጽሐፎቹ አጋንንት እየጠራ አገር የሚያስደነግጥ አንድ ስመ ጥር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። ታደለ ይህ ሰው ለጋዜጣ የሰጠውን መልስ ሁሉ ሰብስቦ፣ በመርፌና በክር ሰፍቶ፣ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ልብ ወለዶቹንስ? አንዱንም አልነካም። ይፈራላ!

አንድ ቀን ደራሲው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ አውቶቡሱ ለምሳ ዳንግላ ቆመ። ወሬው ትምህርት ቤት ሲደርስ ታደለ ጥራዙን ታቅፎ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ከመጽሐፎቼ የትኛውን ወደዱት?» አለው ደራሲው።

መዋሸት ይችል ነበር። ታደለ ግን አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈሪ ነኝ፤ አንዱንም አላነበብኩም። ሲናገሩ ግን ደግ ሰው ይመስሉኛል።»

ደራሲው ጥራዙን ተቀብሎ ገለጠ። አንዱ ገጽ ላይ «ምንም አልፈራም» ብሏል፤ ሌላው ላይ ድመት ይፈራል። በአንዱ ገበሬ የነበሩት አባቱ በሌላው ቀኛዝማች ሆነዋል። የእንጅባራን ብርድ አልፎ የመጣው ሰውዬ ላብ አጠመቀው።

«መምህር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሚያስፈራስ ይኼ ነው። እባክዎ ለሰው አያሳዩብኝ።»

በዚያው ሳምንት ታደለ አንዱን ልብ ወለድ ተውሶ አንብቦ ጨረሰ።

«አላስፈራህም?» አልኩት።

«ምስኪን! እኔን እንዲያ የፈራኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልፍራው?» አለኝ።