ሳምቡሳ ፍለጋ ዱዳ የሆንኩበት ረመዳን

ሚስቱ ያረገዘችበትን ወንድ ዳኛ አይቅጣው! ቢያጠፋም አይቅጣው፤ ቅጣቱን ቤቱ ውስጥ እየጨረሰ ነውና። «አማረኝ» የምትባለዋ አንዲት ቃል ስንቱን ኩሩ ወንድ እንዳንበረከከች ብታውቁ... ጣሊያን በመድፉና በአውሮፕላኑ ያን ያህል አላንበረከከም! ይኼ ሰው አበዛው እንዳትሉኝ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በዚያው በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። ያኔ እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነኝ። የቤተ ክህነት ልጅ በመሆኔ ከአፌ ግዕዝ አይለይም፤ ሳስነጥስ «እግዚኦ»፣ እንቅፋት ሲመታኝ «በስመ አብ»፣ ወጥ ሲጣፍጠኝ «ዕፁብ ድንቅ» እላለሁ። ባለቤቴ አንጓች የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ወሩ ኅዳር ነው። የእኛ የነቢያት ጾም ገና መግባቱ ሲሆን፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን ደግሞ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። እንግዲህ አስቡት፤ ከተማው በሙሉ ሆዱን ይዞ የጀምበርን መጥለቅ የሚጠብቅበት ሰሞን ነው!

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንጓች መደብ ላይ ተቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰች። ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ። ከእሷ በኋላ ሁልጊዜ መንገድ አለ።

«አማረኝ» አለች።

«ምን?»

«ያ... ሦስት ማዕዘን የሆነው።»

«እኔ የማውቀው ሦስት ሆኖ የሚቀመጥ ነገር ጉልቻ ነው። ጉልቻ አማረሽ?»

«አትቀልድብኝ! ሳምቡሳ!»

ዛሬ ሳምቡሳ በየጥጋጥጉ ስለሚሸጥ ምን አዲስ ነገር አለው ትሉ ይሆናል። ያኔ ግን በደብረ ታቦር ስሙን የሰማ ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። ሐሊማ የሚባሉ የምጽዋ ሴት፣ ነጋዴ ባላቸውን ተከትለው መጡና በረመዳን ማታ ማታ ገበያው ውስጥ እየጠበሱ መሸጥ ጀመሩ። ይህን ወሬ ለአንጓች በአጥር ላይ ያቀበለቻት የጎረቤታችን የሰይድ ሚስት ዘይነብ ናት። «የሥጋም አለ፣ የምስርም አለ፤ የምስሩ ላንቺ ጾምም ይሆናል» ብላታለች። አያችሁ? ቤቴን ያፈረሰው ቦምብ ሳይሆን ምስር ነው!

«ካልበላሁ» አለች አንጓች ሆዷን እያሻሸች፣ «ልጁ ግንባሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ይዞ ይወለዳል።»

«ነገ ቀን ላይ...»

«ቀን አይሸጥም። እሳቸውም እኮ ጾመኛ ናቸው!»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጣሊያን ከመሸ በኋላ ሰው እንዳይዘዋወር ከልክሏል። ለሙስሊሞቹ ብቻ፣ ለሶላታቸው ሲል፣ በረመዳን ገበያው አካባቢ እንዲወጡ ፈቅዷል። ከዚያ ውጪ በሰዓት እላፊ የተገኘ ሰው «የአርበኛ መልእክተኛ» ይባልና ግርፋቱ ቀላሉ ነው። «ለሚስቴ ሳምቡሳ ልገዛ ነው» ብትል ማን ያምንሃል?

ሰይድ ጨው ነጋዴ፣ ደግ፣ የልብ ጎረቤት ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀና «መሪጌታ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቀው? ማታ ስመለስ እኔ አመጣላታለሁ» አለኝ። መሪጌታ አይደለሁም፤ ሲያሾፍብኝ ነው እንዲህ የሚለኝ።

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ቤቱ ይተኛል። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁና «እኔ ባሏ በሕይወት እያለሁ አምሮቷን ጎረቤት ያወጣላት? እራሴ እሄዳለሁ!» አልኩ። ለእናንተ እውነቱን ልናገር... ኩራት አልነበረም። ሰይድ ማታ ማታ ከገበያ ይዞት የሚገባው ሽታ በአጥር እየዘለለ ሲመጣ እኔም ካማረኝ አሥረኛ ቀኔ ነበር። ለወንድ አምሮት ግን ማን ያዝናል?

ማታውን ሰይድ ቤት ተገናኘን። ሽርጥ አስታጠቀኝ፣ ነጭ ኮፍያ ጫነብኝ፤ ከዚያ አንገቴን አየ።

«ማተቡስ?»

«ማተቤን ከምበጥስ አንገቴን!»

«በጥስ አላልኩህም፤ ሸፍነው እንጂ!» ብሎ ፎጣ እስከ አገጬ ጠመጠመልኝ። ዞር ዞር ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ልብሱስ ምንም አይል። ያንተ ችግር አፍህ ነው። አንድ ሰው ቢረግጥህ እመቤታችንን ትጠራና ሁለታችንንም ታስገርፋለህ። ስለዚህ... ዱዳ ነህ!»

«እኔ?»

«ከአሁን ጀምሮ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ዝንብስ አይግባ። ሳምቡሳ እንዴት ሊገባ ነው? ይህን ልጠይቀው ስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዱዳነቴ ጀምሯል።

የገበያው መግቢያ ላይ አንድ አስካሪ ቆሟል። ጣሊያን ከመረብ ማዶ ካመጣቸው ወታደሮች አንዱ ነው፤ ቀይ ታርቡሽ የደፋ፣ ጠመንጃ ያነገተ፣ ቁመቱ እንደ ባሕር ዛፍ።

«ይኼ ማን ነው?» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«የአጎቴ ልጅ ሙሐመድ ነው። ከአንበሳሜ መጥቶ ነው» አለ ሰይድ።

«ራሱ አይናገርም?»

«ዱዳ ነው፣ ጌታው።»

አስካሪው ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ዱዳ ብቻ ነው ወይስ ደንቆሮም ነው? አንተ! ትሰማለህ?»

እኔም ዱዳነቱን አሳምራለሁ ብዬ... አልሰማም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ!

ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ።  የሰማሁትን ጥያቄ አልሰማም ብዬ መመለሴ የገባኝ ያኔ ነው።

«አንዳንዴ ነው የሚሰማው» አለ ሰይድ ፈጠን ብሎ። «እንዳየሩ ጠባይ ነው።»

አስካሪው ጢሙን አሻሸ። ከኋላችን ሰው ስለተደረደረ «እለፉ» አለን። ግን ስናልፍ ዓይኑ ጀርባዬ ላይ እንደተለጠፈ ይሰማኝ ነበር።

ወይ ያ ገበያ! በየመደቡ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። ተምሩ በቁና ተከምሯል፣ ሾርባው በጋን ይፈላል፣ ብርዙ በዋንጫ ይዞራል፣ ሐልዋው በቢላ እየተቆረጠ ይመዘናል። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ሲበላ ደግሞ ፊቱ እንዴት ያበራል! ጣሊያን ከገባ ወዲህ ከተማችን እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ዱዳ ባልሆን ኖሮ «ዕፁብ ድንቅ!» ባልኩ።

የዱዳነት ሌላው ጣጣ ደግሞ የሰው ማዘን ነው። «ሚስኪን!» እያለ ያየኝ ሁሉ ሰጠኝ፤ አንዱ ተምር፣ አንዱ ቂጣ። አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ያ አላህ፣ የዚህን ልጅ ምላስ ፍታለት!» ብለው ሲጸልዩልኝ «አሜን» ልል ምንም አልቀረኝ። ከንፈሬን ነክሼ ተረፍኩ።

እንግዲህ የሶላት ጥሪ ሲሰማ ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሰግጄ እመጣለሁ። ሐሊማ እዚያ ናቸው። ገዝተህ እዚሁ ጠብቀኝ። አፍህን!» ብሎኝ ሄደ።

እትዬ ሐሊማ ጠና ያሉ፣ እጀ ፈጣን ሴት ናቸው። ከፊታቸው ሁለት ትሪ አለ። ሁለቱም ላይ ሳምቡሳ ተደርድሯል፤ መልኩ አንድ፣ ቅርጹ አንድ። አንዱ የሥጋ፣ አንዱ የምስር ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ሐሊማና ፈጣሪ ብቻ ያውቃሉ። በነቢያት ጾም፣ ያውም በሌላ እምነት የታረደ ሥጋ በልቼ የንስሐ አባቴ ፊት ስቆም ታየኝ! መጠየቅ አለብኝ። ዱዳ እንዴት ይጠይቃል?

ሁለት ጣቴን ግንባሬ ላይ እንደ ቀንድ ቀሰርኩና «የበሬ ነው ወይ?» ለማለት ወደ ትሪው ጠቆምኩ።

«እህ! የበሬውን ነው? ስንት ላድርግልህ?»

ሁለት እጄን አራገብኩ። የለም፣ የለም!

«በሬ አይደለም? በግ?»

አሁን ምስርን በምልክት አሳዩ እስቲ! እናንተ፣ እያነበባችሁ ያላችሁት፣ ሞክሩት! አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን አጠጋግቼ ትንሽ፣ ክብ ነገር አሳየሁ።

«ትንሽ ብቻ ነው የምትበላው? ምነው ልጄ፣ አሞሃል?»

ደግሜ በሁለት እጄ የማሳ አጨዳ አሳየሁ፤ ጭኜ፣ ወቅቼ፣ አበጥሬ። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዱ «ይጨፍራል» አለ። ሌላው «ገበሬ ነኝ እያለ ነው» አለ። እትዬ ሐሊማም ሰልችቷቸው ከዘይቱ አንድ ትኩስ ሳምቡሳ አወጡና፣ ለማስረዳት አፌን በከፈትኩበት ቅጽበት «እንካ፣ ቅመሰውና እወቀው!» ብለው አጎረሱኝ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የተቃጠለ አፍ ግን ሲያመልጥ ከነሙሉ ጸሎቱ ነው!

«በስመ አብ!!!»

ገበያው ጸጥ አለ። ከዘይቱ መንጫጫት በቀር ድምፅ ጠፋ። በቃ፣ አበቃልኝ... አንጓች ታየችኝ፤ አባት የሌለው፣ ግንባሩ ላይ ሦስት ማዕዘን ያለበት ልጅ ታቅፋ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከትከሻዬ ኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ እንደ ልማድ፣ ሳይታሰብበት፣ ተከተለኝ፦

«ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!»

ዞርኩ። ያ አስካሪ ነው! መግቢያው ላይ መቆም የነበረበት ሰው፣ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ፣ ግማሽ ሳምቡሳ በእጁ ይዞ፣ ጢሙ በዘይት ረጥቦ ቆሟል።

ሁለታችንም ተያየን። ሽማግሌው መጀመሪያ ነቁና «ሱብሃነላህ! ዱዳው ተናገረ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ገበያው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እትዬ፣» አልኩ እንባዬ እየፈሰሰ፣ አሁንማ ምን ልደብቅ፣ «ስለ ፈጣሪ ይንገሩኝ... የዋጥኩት የምንድን ነው?»

«የምስር ነዋ! ስታጭድ ስትወቃ እኮ ፎጣህ ወረደ። ማተብህን እያየሁ ለክርስቲያን ልጅ በጾሙ ሥጋ ላጎርስ? አላህ አይጠይቀኝም?»

እጃቸውን ስሜ ልጨርስ ስል አስካሪው ጠጋ አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል።

«የእኔስ... የእኔስ የምንድን ነው?»

እትዬ ሐሊማ ወደ ትሪዎቹ አዩ፣ ወደ እሱ አዩ። «አንተ ማተብም አላሳየኸኝ። ‹ከወፈረው ስጪኝ› ብለህ በጣትህ ጠቆምክ። የጠቆምከውን ሰጠሁህ። አራት በልተሃል።»

ያ እንደ ባሕር ዛፍ የቆመ ሰው እጥፍ አለ። ግማሹን ሳምቡሳ ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መለሰው፤ ታርቡሹን አስተካከለ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦

«ስማ። አንተ ዱዳ ነህ። እኔ ደንቆሮ ነኝ። አልተያየንም! ሂድ!»

ሰይድ ከሶላት ሲመለስ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ እኔ ምላሴን በብርዝ እየነከርኩ አገኘኝ። እትዬ ሐሊማ ሰባት የምስር ሳምቡሳ ጠቅልለው ሰጡኝ። በመግቢያው ስናልፍ አስካሪው ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ነበር።

ቤቴ ገባሁ። ጥቅልሉን እንደ ጀግና ምርኮ አንጓች ፊት አስቀመጥኩት። ፈታችው። አሸተተችው። ፊቷ ጠቆረ።

«ኧረ ወዲያ አርግልኝ! ሽታው አቅለሸለሸኝ!»

«አንጓች... ሕይወቴን እኮ...»

«ምን ላድርግ? ልጁ አልፈለገውም።» ግድግዳውን ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ይልቅ ዘይነብ ሐልዋ የሚባል ነገር አለ ብላኛለች...»

በማግስቱ ሰይድ ደጃፍ ላይ ቆሜ ኮፍያውን እንደገና እንዲያውሰኝ ስለምነው፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «መሪጌታ፣ ዱዳው ትናንት ገበያ መሐል ተናገረ። ዛሬ ምን ልበልህ?» አለኝ።

«ዕውር በለኝ» አልኩት። «ዕውር ቢያንስ ‹ይኼ የምንድን ነው?› ብሎ መጠየቅ ይችላል!»