እድፉ የታለ?

ዝናብ እየደበደበው፣ ውሃው ከአንገቱ እስከ ካልሲው እየወረደ፣ «ለመዝነቡ ማስረጃ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። አንድ ብቻ መሆኑም ደግ ነው። ሁለት ቢሆኑ አንዱ የሌላውን መኖር ሲያጣራ ቀኑ ይመሽ ነበር።

ለሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የደረሱት ሰው በማዕረጋቸው የሙያ ብቃት መዛኝ ናቸው። ሠራተኛው ግን በሦስተኛው ቀን «ክቡር ማስረጃ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብርድ ሆነ ሙቀት ከአንድ ግራጫ ኮት የማይለዩ ሰው ናቸው። በአንገታቸው ፎቶ ያለበት ባጅ ያንጠለጥላሉ፤ በደረት ኪሳቸው አራት እስክሪብቶ ይሰካሉ። ከአራቱ አንዱ ክዳን የለውም፤ በዚህም ምክንያት በኪሱ ግርጌ የአውራ ጣት ራስ የምታክል ሰማያዊ እድፍ አለች። እትዬ መጀመሪያ ያየችው እድፏን ነው። ሰውየውን ያየቻቸው ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ በዚያ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት ናት። በዕድሜ የሚበልጧት ሐኪሞች ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል። ድምፅዋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ወጥቶ አያውቅም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ እንደማይነካ፣ ሙቅ ያገኘው ደም ጨርቁን ቤቱ አድርጎ እንደሚቀር ታውቃለች። ዝገት በሎሚ፣ የእስክሪብቶ ቀለም ደግሞ በአልኮል፣ ያውም ከጨርቁ ጀርባ በኩል፣ ሳይፈተግ ቀስ እየተባለ እየተነካካ እንደሚለቅ ታውቃለች። በእርግጥ የሚያውቀው እጇ ነው። እሷን ብትጠይቋት «እንዲያው ነው» ከማለት አታልፍም።

ከመዛኙ ጋር የመጣው ደብዳቤ ግን እጅ አይጠይቅም። «እስከ ወሩ መጨረሻ የማስረጃ ማህደሩን አሟልቶ ብቁ ያልተባለ ሠራተኛ ከሥራ ክፍሉ ይነሳል» ይላል። ለጡረታ ሦስት ዓመት የቀራት ሴት ከገንዳዋ ተነስታ ወዴት እንደምትሄድ ደብዳቤው አልጻፈም።

ክቡር ማስረጃ በመጀመሪያው ቀን ቅጻቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቷ ቆሙ።

«ተራ ቁጥር አንድ። እድፍ ማስለቀቅ። ይችላሉ?»

«እንግዲህ... እሞክራለሁ ጌታዬ።»

«ማስረጃ?»

እትዬ እጇን በሽርጧ አድርቃ ወደ መደርደሪያው ወሰደቻቸው። አንሶላው በመጠን በመጠኑ፣ ጠርዙ ከጠርዝ ገጥሞ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አንዱን ስባ ዘረጋችላቸው። መዛኙ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፤ አገላብጠውም አዩት።

«ንጹህ ነው፤ አምኛለሁ። እድፉ የታለ?»

«ለቀቀ።»

«እንደነበረ በምን አውቃለሁ?»

እትዬ እስከዚያች ቀን አስባበት አታውቅም ነበር። ግንበኛ ግድግዳውን ያሳያል፤ ሐኪም የዳነውን ሰው ያሳያል፤ ሰውየውም አፍ አለው፣ ይናገራል። የሷ ሥራ ግን በደንብ ከተሠራ እንዳልተሠራ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ደክማ ያተረፈችው ምንም አልነበረም የሚያሰኝ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ተገኘ።

የልብስ ተኳሿ፣ ካውያ ይዛ ከእትዬ ጎን አሥራ አንድ ዓመት የቆመችው አፈኛ ጓደኛዋ፣ በሁለተኛው ሳምንት ብቁ ተባለች።

«እንዴት አደረግሽው?» አለቻት እትዬ።

«ጋውን አቃጠልኩ።»

«ምን?»

«አቃጠልኩ፤ ‹አቃጥያለሁ› ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ የተቃጠለውን ቆርጬ ከወረቀቱ ጋር አያያዝኩ። ‹ጉዳትን ለይቶ ሪፖርት ማድረግ› ይላል ቅጹ። በቃሁ! አንቺም ጥፋት ፈልጊ እንጂ። እዚህ አገር ንጹህ ሰው ማህደር የለውም።»

የበሩ ዘበኛ ደግሞ የባሰ ገጠመው። ምሳ ሰዓት ላይ ከእትዬ ጎን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነገራት።

«‹ያልተፈቀደለትን ሰው መከልከል› የሚል አለ። ስንቱን ከልክያለሁ አልኳቸው። ‹የከለከልከው ሰው የታለ?› አሉኝ። ከልክዬው ሄዷላ! ተከልክሎ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ እትዬ?»

እትዬ ለመሳቅ ሞክራ ሳይሆንላት ቀረ። እሷም የቻለችውን ሁሉ ሞክራ ነበር። እድፉን ሳይለቅ ፎቶ እንዳታነሳው፣ በክፍሉ በር ላይ «ፎቶ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ የበሽተኛ ልብስ ነውና። መዛኙ ራሳቸው ቆመው እያዩ ከአንድ አንሶላ ላይ ደም አስለቀቀች። እስከ መጨረሻው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማየቴ ማስረጃ አይሆንም። እኔ መዛኝ ነኝ፤ ምስክር አይደለሁም።»

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም «እትዬ ጎበዝ ናት» ብሎ ጻፈላት። ክቡር ማስረጃ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ መለሱላት።

«‹ጎበዝ› የሚባል መመዘኛ የለም። ደግሞ ቀን የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ይሄ ራሱ ኮፒ ነው። ስንት ጊዜ ልናገር? ቀን፣ ማኅተም፣ ኦሪጅናል!»

በመጨረሻ ተኳሿ መላ አመጣች። «ግማሹን አስለቅቂ፣ ግማሹን ተይው። ይኸው እድፍ፣ ይኸው ንጹህ በያቸው።»

እትዬ አዮዲን የፈሰሰበት ጋውን መርጣ ተቀመጠች። ግማሹ ላይ ስትደርስ እጇን አነሳች፤ የቀረውንም እድፍ ዝም ብላ አየችው። ከገንዳዋ ተነስታ ኮሪደር ላይ መወልወያ ይዛ ስትንከላወስ፣ ሌላ ሰው ደሙን በሙቅ ውሃ ሲነክረው ታያት። ይህን እያሰበች ቆይታ ጎንበስ ብትል ጋውኑ ነጭ ሆኗል።

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን እሰሪው!» ብላ ጮኸች ተኳሿ።

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ክቡር ማስረጃ የመጋዘኑን ሳሙና ሊቆጥሩ መጡ። የክፍሉ እንፋሎት ከብዶ ስለነበር ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አንጠለጠሉ፤ እስክሪብቶዎቻቸውን በሸሚዛቸው ኪስ ሰክተው፣ ባጃቸውን በአንገታቸው እንዳደረጉ ወደ መጋዘን ገቡ። እትዬ ካለችበት ወንበሩ አራት እርምጃ ያህል ይርቃል። እድፏ ወደሷ ዞራለች። እትዬ ፊቷን አዞረች፤ አንሶላ አጠፈች፤ ማሽኑን ያለ ምክንያት ከፍታ ዘጋች። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደሆነ ብትጠየቅ መናገር አትችልም። ብቻ መዛኙ ተመልሰው ሲመጡ ኪሱ ተገልብጦ፣ ሥሩ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል።

«ኮቴን! ማን ፈቀደልዎ?»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እጄ ነው፣ እኔ...»

ክቡር ማስረጃ ኮቱን ነጠቋት። ኪሱን አዩት፤ ወደ መስኮቱ ወስደው አዩት። «እዚህ ላይ... እዚህ ላይ እድፍ ነበር።»

ተኳሿ ካውያዋን አስቀመጠች። ይህችን ቀን አንድ ወር ሙሉ ስትጠብቃት የኖረች ይመስላል።

«እድፉ የታለ ጌታዬ?»

«ነበር አልኩ! ሦስት ዓመት ሙሉ ነበር!»

«ማስረጃ አለዎት?»

እትዬ አንገቷን እንደደፋች፣ ድምፅዋ እንደ ልማዱ ከማሽኑ በታች ሆኖ፣ «ባጅዎ ላይ አለች» አለች።

መዛኙ ባጁን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። ፎቶ አንሺው አርቆ አንስቷቸው ኖሮ ምስሉ እስከ ደረት ኪሳቸው ይደርሳል። ያው ግራጫ ኮት፤ ከኪሱ ግርጌም ያቺው ሰማያዊ እድፍ።

«ቀን አለው» አለች ተኳሿ በጣቷ እየቆጠረች። «ማኅተም አለው።»

ሦስተኛውን አልጨረሰችውም። ክቡር ማስረጃ ራሳቸው ጨረሱት። ባጁን ከአንገታቸው አወለቁ፤ ክሩን ፈቱና ኪሳቸው ከተቱ። ለአፍታ ፎቷቸውን ካዩ በኋላ የእትዬን ማህደር ከፍተው ባጁን በስቴፕለር አያያዙበት። ከሥሩም «ገጽ አሥራ አንድ፤ ኦሪጅናል» ብለው ጻፉ። እርጥቡን ኮት ለብሰው ወጡ።

ማህደሩ ወደ ዋናው ቢሮ ሄደ፤ መዛኙም አብረውት ሄዱ። እትዬ አምስት ቀን ጠበቀች። በወሩ የመጨረሻ ቀን ረፋድ ላይ ተኳሿ እየሮጠች መጣች። «ውጤትሽን ይዘው መጥተዋል። ግን በር ላይ ተይዘዋል!»

እትዬ እጇን ሳታደርቅ ወጣች። ክቡር ማስረጃ ከብረት በሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ከወትሮው በላይ ተገትሯል።

«ታውቀኛለህ እኮ። በየቀኑ ስገባ አልነበር?» ይላሉ መዛኙ።

«ማወቄ ማስረጃ አይሆንም ጌታዬ። እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ምስክር አይደለሁም። ባጅ!»

ሁሉም የሚቆጡ መስሎት ጠበቀ። እሳቸው ግን ከቦርሳቸው አንድ ቅጽ አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ቀጥለውም «አንድ ሰው ያለ መታወቂያ ሊገባ ሞክሮ ተከልክሏል» አሉና፣ «የተከለከለው ሰው» በሚለው መስመር ላይ የራሳቸውን ስም ጽፈው ፈረሙ። ማኅተማቸውንም አወጡና መቱበት። ለዘበኛው በፍርግርጉ አቀበሉት።

«ይኸው። በቅተሃል።»

ዘበኛው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ታዲያ... አሁን ይግቡ?»

«ካስገባኸኝማ ማስረጃህ ይፈርሳል» አሉት።

ለእትዬ የመጣውም ወረቀት በፍርግርጉ ገባ። እየቆጠረች እንደምትሄድ ሰው ቃል በቃል አነበበችው። «ብቁ። በቅርብ ክትትል ሥር ሆና ልብስ ማጠብ ትችላለች።» በዚያ ክፍል ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ማን እንደሚከታተላት ወረቀቱ አልጻፈም። ምላሷ ላይ የሆነ መራራ ነገር መጣና ዋጠችው። ሃያ ሰባቱ ዓመት አራት ቦታ ታጥፎ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ገባ።

ቀና ስትል ሰውየው አሁንም ፀሐይ ላይ ናቸው። ለሌላው ያልራሩትን ለራሳቸውም አልራሩም፤ በገዛ ቅጻቸው ከደጅ ቀርተው ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። ክዳን የሌለው እስክሪብቶ እንደገና ተሰክቷል። ከኪሱ ግርጌም ምስር የምታክል አዲስ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ብላለች። እትዬ ይህን ሁሉ ጊዜ የያዘችው ቂም የት እንደገባ ጠፋባት። እጇን በፍርግርጉ አሳልፋ ዘረጋች።

«ኮትህን አውልቅ፣ ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ተሰማ።

ክቡር ማስረጃ አንዱን እጅጌ አወለቁ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ አላቸውና መልሰው ለበሱት።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። ስልካቸውን ከሱሪ ኪሳቸው አውጥተው ለዘበኛው አቀበሉት፤ «ፎቶ ከአጥር ውጭ አልተከለከለም፤ ቀኑ እንዲታይ አድርገህ አንሳ።» ከዚያም ኪሳቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ቀጥ ብለው፣ ለእትዬ እድፍ ሆነው ቆሙ።